መጀመሪያ ፊቱ ይታይ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጓደኞቼ የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች እየላኩ «እስቲ አስተያየትሽን» ይሉኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» እኔ ለጊዜው አትግዙ ባይ ነኝ። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል፤ ብቻ ሁሉንም ነገር እሱ እንዲወስን አትተዉለት።

አንድ ሲን ልንገራችሁ። እናት ነጭ ነጠላ ለብሳ በራፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ግቢውን ፀሐይ መትቶታል። ስልኩ ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልመዋል። ነጠላው እስከነጥለቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፊቷ ግን ይጠቁራል፣ ዓይኗ ይጠፋል። ታሪኩ ደግሞ ያለው ዓይኗ ላይ ነው! ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ አንዱን መምረጥ ግድ ይላል። እኔ ፊቱን እመርጣለሁ፤ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደል። ስክሪኑ ላይ ፊቷን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ፎከሱም ብርሃኑም እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይ ወደ ታች እያንሸራተታችሁ ማስተካከል ነው።

ከዚህ የተሻለው ግን እሷኑ ማዞር ነው። ወደ ውስጥ ገባ ትበልና የበሩ ብርሃን ከጎን ፊቷ ላይ ይረፍ። ሌላኛው ጉንጯ ከጨለመ፣ አንድ ሰው ከፍሬም ውጭ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ይቁም። አንሶላ ከሌለ የታጠበ ነጭ ማዳበሪያም ይሠራል፤ ተመልካች አያየውም። ቤት ውስጥ ቢጫ አምፖል በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ አለዚያ ግማሽ ፊቷ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል።

ደጅ ስትቀርጹ ደግሞ ሰዓቱን እዩ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድ በሙሉ ጥላ ነው። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ምሳ ብሉ፣ ተለማመዱ። ማታ ላይ ደግሞ ጀንበር ቶሎ ነው የምትጠልቀው፤ ስለዚህ ክሎዝ አፑን፣ ማለትም ፊት ከቅርብ የሚታይበትን፣ አስቀድሙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ነገር፤ በመብራት ሲቀርጹ ምስሉ ላይ የሚሮጠው ጥቁር መስመር። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካ 60። አምፖሉም አብሮት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ካሜራው ከሱ ጋር ካልገጠመ መስመሩ ይመጣል። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት አሜሪካኖች በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተር (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ይላሉ፤ ለነሱ አገር ልክ ነው። እኛ ጋ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 አድርጉት፤ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ርካሽ ኤልኢዲ ከሆነ ላይጠፋ ይችላል፤ ያኔ አምፖሉን መቀየር ነው። ውጭ ላላችሁት ደግሞ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይ እንደኛው 50 ነው። ሳዑዲ ግን 60 ነው፤ ጎረቤት ናት ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ኤዲቲንግ ላይ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ሰላምታ። በር ይንኳኳል፣ «ማነው?»፣ «ቤቶች!»፣ «ግቡ ግቡ»፣ «ኖር!»፣ «በእግዜር»፣ «እንዴት ሰነበታችሁ?»፣ ልጆች፣ ጤና፣ ኑሮ... ከበስተኋላው ያ የሚያለቅስ ዋሽንት! ቤታችን ውስጥ ሲሆን ጨዋነት ነው፤ በሰባት ደቂቃ ፊልም ውስጥ ግን አንዱን ደቂቃ በላው ማለት ነው። በሩ ሲንኳኳ ቁረጡት። ምስሉ በሩ ላይ እንዳለ የሲኒው ኳኳታ ቀድሞ ይሰማ፤ ከዚያ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ ሰዎቹ ዋናው ወሬ ላይ ሆነው እናግኛቸው። ሰላምታውን የማልቆርጠው አንደኛው እጁን ዘርግቶ ሌላኛው ሳይጨብጠው ከቀረ ነው። እሱን አትንኩት፤ እንደውም ረዘም አድርጉት።

በሉ፣ ሳምንት ስለ ድምፅ እናወራለን። ደህና ሁኑልኝ።