ባዶው ጀሪካን ወደ ቤት አይግባ፦ ፀረ-ተባይ ለሚረጩ የእርሻ ልማት ሠራተኞች

ጥያቄ፦ ስረጭ ሱሪዬን ቦት ጫማው ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ ከቦቱ ውጭ ይልቀቁት። ውስጥ ከገባ በሱሪው ላይ የሚወርደው ሁሉ ቦቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ የመድኃኒቱን ባዶ ጀሪካን በፍል ውሃና በሳሙና ካጠብኩት ውሃ ብቀዳበት ምን አለበት?

መልስ፦ አይሆንም! ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔም ሳልሰለች እመልሳለሁ። ፕላስቲክ መርዙን ይመጥጣል። ሽታው ቢጠፋም፣ ግድግዳው ውስጥ የሰረገው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። ለከብት ማጠጫም ለእህል ማስቀመጫም አይሆንም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ጀሪካኑን መርጫው ታንክ ላይ ዘቅዝቀው ያንጠፍጥፉት። ሩቡን ያህል ንጹሕ ውሃ ይጨምሩበት፣ ክዳኑን ገጥመው 30 ሰከንድ ይነቅንቁት፣ እጣቢውን ታንኩ ውስጥ ይገልብጡ። ይህን ሦስት ጊዜ ያድርጉት። እጣቢው ከመድኃኒቱ ጋር ይረጫል እንጂ ቦይ ውስጥ አይደፋም። ከዚያ ጀሪካኑን ከታች ይብሱት፤ የሚያፈስ ጀሪካን ማንንም አያጓጓም። አያቃጥሉት፤ ጭሱም መርዝ ነው። ለግምጃ ቤቱ ይመልሱና ይቆለፍበት። አሠሪዎችም ስሙኝ፦ ሠራተኛው ጀሪካኑን የሚወስደው ብዙ ጊዜ ሌላ የውሃ መያዣ ስለሌለው ነው። አዲስ ጀሪካን ግዙለት።

ጥያቄ፦ ኖዝሉ (መድኃኒቱ የሚረጭበት የመርጫው ጫፍ) ሲደፈንብኝ በአፌ እነፋዋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ መርዙን በከንፈርዎ እየነኩት ነው፤ ዛሬውኑ ይተዉት። ፓምፕ ማድረግዎን ያቁሙ፣ ግፊቱን ያስተንፍሱ፣ ጓንትዎን እንዳጠለቁ ኖዝሉን ፈተው በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ያጽዱት። በሽቦ አይጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ይሰፋና ከልኩ በላይ ይረጫል። ከሁሉ የሚሻለው ትርፍ ኖዝል ይዞ መውጣት ነው። የእጅ መታጠቢያ ውሃውም በመድኃኒት ጀሪካን የመጣ እንዳይሆን፣ አደራ!

ጥያቄ፦ ከርጭት በኋላ ወተት መጠጣት መርዙን ያረክሳል?

መልስ፦ አያረክስም። በሥራ ላይ መርዙ በብዛት የሚገባው በቆዳ ነው፤ መፍትሔውም ሳሙናና ውሃ ነው፣ ያውም ከመብላትና ከማጨስ በፊት። የሥራ ልብስዎ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አይዘፍዘፍ።

ጥያቄ፦ ስረጭ ውዬ ምራቄ ይበዛል፣ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ጡንቻዬ ይርገበገባል። ሙቀቱ ይሆን?

መልስ፦ ሙቀት ነው ብለው አይለፉት። እንደ ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት ፀረ-ተባዮች ሲመርዙ ምልክታቸው ይኸው ነው። ምልክቱ እንደጀመረ ርጭቱን ያቁሙ፣ ልብስዎን አውልቀው ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ይሂዱ። በጀሪካኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ የመድኃኒቱን ስም ነው። ሰው አብሮዎት ይሂድ፤ ብቻዎን እንዳይወጡ።