ሽያጭ የሚለመደው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው

ውድ ሠልጣኞች፣ እንደምን አደራችሁ!

አንዳንዶቻችሁ ትምህርት ጨርሳችሁ ሥራ የምትፈልጉ ናችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ስትሸጡ ቆይታችሁ ወደ ሱፐርቫይዘርነት ማደግ የምትሹ። ለሁላችሁም የምንለው አንድ ነው፦ አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን ሻጭ አያደርግም። ሻጭ የሚሆነው ሰው እያየው ሸጦ፣ ወዲያው የታረመ ነው። የትም ብትሠለጥኑ ከመክፈላችሁ በፊት ከሰዓቱ ምን ያህሉ ልምምድ እንደሆነ፣ ከነባር ሻጭ ጋር ገበያ የምትወጡበት ቀን እንዳለ ጠይቁ። መልሱ «ሰርተፍኬት እንሰጣለን» ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለሱቆች ሳሙና የሚያከፋፍል ሻጭ እንውሰድ። ያልሠለጠነው ገና ሲደርስ «ዛሬ ምን ልጻፍ?» ይላል። «ምንም፣ ያለው አላለቀም» ይባላል፤ በቃ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ። የሠለጠነው ግን ሰላምታ ሰጥቶ፣ አስፈቅዶ መደርደሪያውን ይቆጥራል። ባለፈው ሳምንት 3 ካርቶን ነበር፣ 5 ገባ፣ ዛሬ ያለው 2 ነው፤ ስለዚህ 6 ተሸጧል። ለመጠባበቂያ በ1.5 ሲያባዛው 9፣ ያለውን 2 ሲቀንስ 7። «እትዬ፣ በሳምንት 6 ካርቶን እየወጣልዎት ነው። እስክመለስ እንዳያልቅብዎት 7 ላስገባ?» ይልና ዝም ይላል። ጀማሪን የሚፈትነው ይህ ዝምታ ነው። ባለሱቋ እያሰቡ ሳለ «ወይም 3 ይሁን» ብሎ ትዕዛዙን ራሱ ይቀንሳል።

«ውድ ነው» ሲባልም ወደ ቅናሽ አትሩጡ። ከምን ጋር እንዳወዳደሩት ጠይቁ፤ ከዚያ ለባለሱቁ የሚተርፈውን አስሉለት። 24 ፍሬ የያዘ ካርቶን በ1,200 ብር ገዝቶ አንዱን በ58 ብር ቢሸጥ ከካርቶኑ 192 ብር ያገኛል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ካላወቃችሁ የምትከራከሩበት ነገር የላችሁም። ድርጅታችሁ ከ100 ብር ሽያጭ 20 ብር የሚያተርፍ ከሆነ፣ በችኮላ የሰጣችሁት የ5 ብር ቅናሽ የትርፉን ሩብ ወሰደ ማለት ነው።

ዱቤ ላይ ብዙ ጎበዝ ሻጭ ይሰናከላል። በ10 በመቶ ትርፍ የሚሠራ ድርጅት የ10,000 ብር ዱቤ ሳይከፈለው ቢቀር፣ ያንን ለመመለስ ሌላ የ100,000 ብር ዕቃ መሸጥ አለበት። ታርጌት (የተሰጣችሁን የሽያጭ ግብ) ለመሙላት ብላችሁ የቆየ ዕዳውን ላልከፈለ ሱቅ አትጨምሩ። የመክፈያው ቀን ዕቃው ከመራገፉ በፊት ይነገር፣ ይጻፍ፣ ይፈረም።

ሥራ ስትቀጠሩ ደግሞ ኮሚሽኑ የሚታሰበው በተሸጠው ነው ወይስ በተሰበሰበው ገንዘብ? ይህ በውሉ ላይ ይስፈር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ጊዜው አጭር ነውና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጎበኛችሁትን ሱቅ፣ የተቀበላችሁትን ትዕዛዝና የሰበሰባችሁትን ብር በደብተር መዝግቡ። ዕድገት ስትጠይቁ አለቃችሁ ፊት የምታቀርቡት እሱን ነው።

አሁን በሦስት በሦስት ተቀመጡ፦ አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ ታዛቢ። 5 ደቂቃ አላችሁ። ታዛቢው አይናገርም፤ ሻጩ ስንት ጥያቄ እንደጠየቀና ትዕዛዝ ከጠየቀ በኋላ ዝም ማለት መቻሉን ብቻ ይጻፍ። ከዚያ ቦታ ትቀያየራላችሁ።