መብራት ሲመለስ የማይነሳው ኮምፒውተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች ስናወራ ስልኩ አላረፈም። ከድሬም ከሐረርም የተደወለው አብዛኛው ጥያቄ ስለ ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ ወደሚስማማ ቮልት ስለሚቀይረው ሳጥን ነበር። አየር ላይ በጥድፊያ የመለስኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌዋለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፓወር ሳፕላይ በጥቂት ብር ይጠገናል፣ ካልሆነም ሌላ ይተካል። የ30 ዓመት ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ግን ከተቃጠለ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የጠገናችሁትን ፓወር ሳፕላይ ቮልቱን ሳትለኩ ኮምፒውተሩ ላይ አትሰኩት።

ከሳቢያን፣ ጡረታ የወጡ አባት፦ «የድሮ ፔንትየም አለኝ። ሳይጠፋ ከዋለ ምንም አይለውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ፋኑ እንኳ አይዞርም። እየሰካሁ እየነቀልኩ ስታገል አንዳንዴ ይነሳል። ምን ነክቶት ነው?»

ጋሼ፣ «አንተ በለኝ፣ የድሬ ሰው ነኝ» ብለውኛል፤ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ችግሩን ራስዎ ነግረውኛል። ሞቆ የሚሠራ፣ ቀዝቅዞ የማይነሳ ፓወር ሳፕላይ ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ደርቀውበት ነው። ከዋናዎቹ ትራንዚስተሮች ወይም ከመቆጣጠሪያው አይሲ (ቺፕ) አጠገብ ይገኛሉ። 1 ወይም 2.2፣ አንዳንዴም 47 ማይክሮፋራድ የሚል ተጽፎባቸዋል። ሥራቸው ባትሪ የደከመ መኪና ገፍቶ እንደማስነሳት ነው። አንዴ ከተነሳ ሰርኪዩቱ ራሱን ስለሚመግብ ድካማቸው አይታይም። መብራት ሲሄድ ነው ጉዳቸው የሚወጣው።

የሚያደርቃቸው ሙቀት ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በድሬ ግንቦት፣ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ፣ ሳጥኑ ግድግዳ ተደግፎ ሲሠራ ውስጡ ምን እንደሚመስል አስቡት። በዚህ ሐረሮች ይሻሉናል፤ አየራቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ደግሞ «አላበጠም» ብለው አይለፉት። የሚያብጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንንሾቹ ምንም ሳይመስሉ ነው የሚሞቱት።

ከመክፈትዎ በፊት ግን ይስሙኝ። የእኛ 220 ቮልት ውስጥ ሲገባ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል። ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ይህን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በካቻቢቴ አገናኝተው የሚያፈነዱት ልጆች አሉ። እባካችሁ ተዉት፤ ካፓሲተሩንም ዓይናችሁንም ይጎዳል። የድሮውን ክር ያለው 60 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ አውጥተው የእያንዳንዱን ካፓሲተር እግሮች ይንኩበት። ሽቦው ጫፉ ብቻ የተላጠ ይሁን። ከዚያ በመልቲሜትር ለክተው ወደ ዜሮ መውረዱን ያረጋግጡ። በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒውተሮች ደግሞ የፊት ለፊቱ ማብሪያ ራሱ 220 ቮልት የሚያልፍበት ነው። ሽቦው ተልጦ ከሆነ ሳጥኑ ሁሉ ይነዝራል።

ካፓሲተሮቹን ቀይረው ሲጨርሱ ያንኑ አምፖል ከሶኬቱ በሚመጣው መስመር ላይ በተከታታይ ያስገቡት። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነውና ወዲያው ይንቀሉ። የድሮ ፓወር ሳፕላይ ባዶውን አይነሳም፣ ጭነት ይፈልጋል። ለዚህ የባጃጅ የፍሬን አምፖል ይበቃል። ባለ 12 ቮልት 21 ዋቱን ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ላይ ሲያስሩት ወደ 1 አምፔር ይስባል። በዚያ ጭነት ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ማዘርቦርዱ ላይ አይሰኩት።

ከመጋላ፣ ወጣት፦ «እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝን አሮጌ ኮምፒውተር ስሰካው ጧ! አለና የቤቱ መብራት ሁሉ ጠፋ። አለቀለት?»

ገና ነው። ከኋላ ቀይ ማንሸራተቻ አለው አይደል? 115 ላይ ነበር። አሜሪካ 120 ቮልት ስለሆነ እዚያ ትክክል ነው። በዚያ ቦታ ሰርኪዩቱ የሚገባውን ቮልት እጥፍ ያደርጋል። የእኛን 220 እጥፍ ሲያደርገው ደግሞ 200 ቮልት የሚችሉት ሁለት ካፓሲተሮች ላይ ከ300 በላይ ያርፋል። ፊውዙ መጀመሪያ ከተበጠሰ እድለኛ ነህ። ሁለቱን ትልልቅ ካፓሲተሮች ቀይር፤ ዳዮዶቹና ትራንዚስተሮቹ ሾርት አለመሆናቸውን ለካ። ፊውዙንም በዚያው አምፔር ተካ። የፊውዙ ብርጭቆ ከጠቆረ ሾርቱን ሳታገኝ ሌላ አታስገባ። በመዳብ ሽቦ የሚያስሩ አሉ፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ቤቱ ነው።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ «አጎቴ ከጀርመን ይዞት የመጣ ኮሞዶር 64 አለ። የራሱ አዳፕተር አለው። ልሰካው?»

የጀርመን ስለሆነ ቮልቱ ከእኛው ጋር ይስማማል። ግን በዚያ አዳፕተር አትሰኪው። ኮሞዶር 64 በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ ማሽን ነው። አዳፕተሩ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ውስጡ በደረቅ ማጣበቂያ የተሞላ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ለመጠገንም አይከፈትም። መጥፎው ነገር አሟሟቱ ነው፤ ከመጥፋት ይልቅ 5 ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣና የሜሞሪ ቺፖቹን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ለክተሽው ደህና ቢሆን እንኳ ነገ ሲሞቅ ዋስትና የለውም። ለዚያ ማሽን የሚሠሩ አዲስ አዳፕተሮች አሉ። አጎትሽ ሲመጣ አንዱን ያምጣልሽ።

ከድሬ ታይዋን ገበያ፣ ባለሱቅ፦ «ከፓወር ሳፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡት ሁለት መሰኪያዎች የቱ የት እንደሚገባ ረሳሁ። ደግሞ ካፓሲተር ከአሮጌ ቲቪ ነቅዬ ብገጥም?»

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሀል ላይ ጎን ለጎን ይገናኙ። ተገልብጦ ከተሰካ ማዘርቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛውን አልወደውም። ከ20 ዓመት ቲቪ የነቀልከው ካፓሲተርም 20 ዓመት ሞቋል። ከተቻለ አዲስ ግዛ። 105 ዲግሪ የሚል ፈልግ፤ 85 የሚለው ለድሬ አይሆንም። ማይክሮፋራዱ ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ቁመቱንም ለካ፤ ክዳኑ የማይዘጋ ከሆነ ዋጋ የለውም። በጎኑ ያለው ሰረዝ ኔጌቲቩን ነው የሚያሳየው። አሮጌውን ከመንቀልህ በፊት ሰረዙ በየት በኩል እንደነበር በስልክህ ፎቶ አንሳው።