ከታልቦተን እስከ ነታንያ

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ሰላም ለሁላችሁ።

የምንኖርባት ነታንያ በ1929 እ.ኤ.አ. ስትመሠረት ስሟን ያገኘችው ከናታን ስትራውስ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ለድሃ ልጆች ንጹሕ ወተት እንዲዳረስ የደከመው ባለጸጋ ማለት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ልጅነቱን ስላሳለፈባት ታልቦተን ነው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ያለች ትንሽዬ ከተማ ናት።

አባቱ ላዛሩስ በ1852 ከጀርመን አገር ብቻውን ተሰደደ። እንደ ብዙ አይሁዳውያን ስደተኞች እየዞረ መሸጥ ጀመረ። ሱቅ በደረቴን ታውቁት የለ? ብዙዎቹ መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍና ጨርቅ ጀርባቸው ላይ አዝለው ከእርሻ እርሻ ይሄዱ ነበር። እሱስ ጋሪ ነበረው።

ታልቦተን የደረሰው ፍርድ ቤት በሚሰየምበት ሳምንት ነው። ባላገሩ ሁሉ ከተማ ገብቷል፤ ገበያው ደርቷል። እየዞሩ ለመሸጥ የሚከፈለው የፈቃድ ገንዘብ ከባድ ስለነበር፣ ሱቅ መከራየት ይሻለኛል ብሎ እዚያው ቀረ። በ1854 ሚስቱና ልጆቹ ተከተሉት። በከተማዋ ሌላ አይሁዳዊ ቤተሰብ አልነበረም።

የአካባቢው ሰባኪዎች ቤቱ ማዕድ እየቆረሱ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ይወያዩ ነበር። ላዛሩስ ዕብራይስጡን እያነበበ ይተረጉምላቸዋል። እስቲ አስቡት! ቀን ጨርቅ ሲለካ የዋለ ነጋዴ ለሰባኪ ኦሪት ሲፈታ።

ግን አንድ ነገር አለ። ታናሹ ልጅ ኦስካር፣ በ1906 የአሜሪካ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሚኒስትር የሆነው፣ ራሱ ጽፎታል። ጥቁሮች በባርነት ስለተያዙ፣ ነጭ የሆነ እንግዳ ሁሉ እንደ እኩያ ይስተናገድ ነበር። በስትራውስ ቤትም በባርነት የተያዙ ሰዎች ያገለግሉ ነበር። እኛ ጥቁር አይሁዳውያን ይህን ዘለን አናልፍም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። ሸቀጥ ጠፋ፣ ዋጋ ናረ። ግራንድ ጁሪ የሚባለው የካውንቲው ሸንጎ አይሁዳውያን ነጋዴዎችን አወገዘ። ከተማው ውስጥ ያለው አይሁዳዊ ደግሞ እሱ ብቻ ነው! ላዛሩስ ልሄድ ነው አለ። ከተማው ደነገጠ። የሸንጎው አባላትና ሰባኪዎቹ ሳይቀሩ ቤቱ መጡ። «አንተን ማለታችን አይደለም፣ አትሂድብን» ብለው ለመኑት።

እሱ ግን ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ቤተሰቡን ይዞ በ1863 እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ወዳለችው ኮሎምበስ ከተማ ሄደ። ያኔ ናታን የ15 ዓመት ልጅ ነበር።