ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት

የተከበራችሁ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎች፣ የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፤ እንደምን አደራችሁ።

የላቦራቶሪ ውጤት ሲሳሳት ጣት የሚቀሰረው ማሽኑ ላይ ነው። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ቀደም ብሎ፣ ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ ወይም ደም በሚቀዳበት ወንበር ላይ ነው።

ሳይበሉ የሚሰጥ የስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መራቅን ይጠይቃል። ጠዋት 2 ሰዓት የምትመጡ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወዲህ ሻይም ሆነ ቆሎ አትቅመሱ። ውሃ ግን ጠጡ፤ ውሃ የተጠማ ሰው ደም ሥሩ ስለሚጠፋ ደጋግሞ ይወጋል። የጠዋቱን የስኳር መድኃኒት፣ ሐኪም ሌላ ካላዘዘ፣ ይዛችሁ መጥታችሁ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ከምግብ ጋር ውሰዱት።

ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከገላን በታክሲ የመጣ ተቅማጥ ብዙም አይጠቅመንም። አሜባን በማይክሮስኮፕ የምንለየው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ እየሞተ ይሄዳል። ውጤቱ «አልታየም» ይላል፣ ሕመሙ ግን አለ። ስለዚህ ዕቃውን እዚህ ተቀብላችሁ እዚሁ ስጡ፤ ሽንት አይቀላቀልበት።

አክታ ግን የማለዳው ይመረጣል። አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ደጅ ውጡ፣ በረጅሙ ተንፍሳችሁ ከደረት ሳሉ። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ምራቅ አንቀበልም።

ባልደረቦች፣ ቀሪው የእኛ ነው። የምታውቁት ነገር ነው፤ ሰኞ ጠዋት ወረፋው ሲረዝም ግን ይረሳል። «እገሌ ነዎት?» አትበሉ፤ በደንብ ያልሰማ ሁሉ «አዎ» ይላል። ስማቸውን እስከ አያት ራሳቸው ይንገሯችሁ፣ ከካርድ ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ፤ ደሙ የሚቀዳበት ቲዩብ ላይም ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ጻፉ። ክንድ ከ1 ደቂቃ በላይ ታስሮ አይቆይ። ሐምራዊ ክዳን ያለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል የያዘውን ቲዩብ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጡት። ካልተገለበጠ ደሙ ይረጋና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ያነሰ ይመስላል፤ ከተናጠ ደግሞ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ቀዩ ቲዩብ ጎደለ ብላችሁ ከሐምራዊው አትገልብጡበት፤ ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኬሚካል ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ፣ ካልሲየምን ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ቁጥር መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው አለ።

ታካሚዎች፣ ውጤት ስትቀበሉ ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ወረቀቱ ላይ እዩ። ማንበብ የማይችል፣ መስኮቱ ላይ ያለውን ባለሙያ ያስነብብ። ካልተመሳሰለ ወደ ሐኪሙ ሳትሄዱ እዚያው መልሱት።