ጓንት ከጃኬት ይቀድማል፦ ሞተር ላይ ምን ያህል መልበስ ይበቃል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚመልሰውን ጥያቄ ነው፦ ምን ያህል ልልበስ? ብዙ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከመንገዱ ርዝመት ነው። ሩቅ ከሆነ ጃኬትም ጓንትም ይደርባል፤ ቅርብ ከሆነ ሄልሜቱን ብቻ፤ እዚሁ ሰፈር ከሆነ እሱንም ስፖኪዮው ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። እኔ ይህ መለኪያ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ።

ሰው ከሞተር ሲወድቅ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንዱ ቁልቁል መውደቁ ነው። የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል፤ ከዚያ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልብ በሉ፣ ይህ ሞተሩ ቆሞ እያለ ነው። መብራት ላይ ቆማችሁ ከኋላ ቢነኳችሁም ምቱ ያው ነው። ሁለተኛው መንሸራተቱ ነው፤ እሱ ፍጥነትን ይከተላል። በ40 ኪሎ ሜትር የወደቀ ሰው ደረቅ አስፋልት ላይ 10 ሜትር ያህል፣ ሁለት ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ይንሸራተታል። በ80 ከሆነ ርቀቱ 40 ሜትር ይደርሳል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነውና። እንግዲህ የቆዳን ጥበቃ እንደ ፍጥነታችሁ ከፍና ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። የጭንቅላትን ግን አትችሉም።

ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ግን የትኛው ሄልሜት? ለግንባታ ሠራተኛ የተሠራውን አድርጎ የሚነዳ ሰው አይታችሁ ይሆናል። እሱ ከላይ ለሚወድቅ ነገር የተሠራ ነው፤ ሰውየው መሬት ሳይደርስ ከራሱ ይወልቃል። አገጭን የማይሸፍነውም ግማሽ መፍትሔ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዲትማር ኦተ አደጋ የደረሰባቸውን ሄልሜቶች እየመረመረ ምቱ የት እንዳረፈ ሲመዘግብ፣ ሲሶው ገደማ የተገኘው በአገጭ ዙሪያ ነው። ስለዚህ እኔ ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን እመክራለሁ፤ ለከተማም ቢሆን።

ስትገዙ የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጉና ጠንከር ያለውን ፎም ፈልጉ። ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ካልሆነ ተዉት። የዚህ ፎም ሥራ አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ምቱን መዋጥ ነው፤ ከተጨፈለቀ በኋላ ተመልሶ አይነሳም፤ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። የወደቀበትን ሰው ሄልሜት በግማሽ ዋጋ መግዛት የማይገባው ለዚህ ነው። ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛም ፎሙን ይበሉታል። ልኩን ለማወቅ ሜትሩን ከቅንድባችሁ በላይ አዙሩና የጭንቅላታችሁን ዙሪያ ለኩ። አጥልቃችሁ ማሰሪያውን አጥብቁ፤ ከአገጭ ሥር ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። ከዚያ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ግፉት። ከወለቀ ሰፍቷል ማለት ነው።

ምልክቱንም እዩ። የአውሮፓው ኢሲኢ 22 ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ አለው፤ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ አጠገቡ በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ቁጥር። 06 አዲሱ ነው፤ ጭንቅላትን የሚያጠማዝዘውንም ምት ይፈትናል። የህንዱ ደግሞ አይኤስ 4151 ይላል። የአሜሪካው ዶት የሚል ተለጣፊ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፤ አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው ነው፤ ለማስመሰልም ቀላል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሄልሜት ከተገዛ በኋላ የተረፈው ገንዘብ ለምን ይውላል? አብዛኛው ሰው ጃኬት ይላል። እኔ ጓንት እላለሁ። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። መዳፉ አስፋልቱን ሲይዝ ሰውነቱ ግን ገና ወደ ፊት እየሄደ ነው፤ ቆዳው ይላጣል፣ የእጅ አንጓ አጥንትም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ጥሩ ጓንት መዳፉ ሥር ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፤ እጁ አስፋልቱን ይዞ እንዳይቀር፣ እንዲንሸራተት። አንጓው ላይ የሚታሰር መሆን አለበት፤ አስራችሁት በሌላኛው እጅ ጣቶቹን ይዛችሁ ስትጎትቱ የሚወጣ ከሆነ ሲወድቁም ይወጣል።

ሊዝ ደ ሮምና ባልደረቦቿ አውስትራሊያ ውስጥ አደጋ የደረሰባቸውን 212 ሞተረኞች አጥንተው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ፣ የሞተር ጓንት ያደረጉት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው በ59 በመቶ ያነሰ ነበር። የሞተር ሱሪ በ51፣ ጃኬት ግን በ21። እኔን የገረመኝ ሱሪው ነው፤ ማንም የማይገዛው እሱ ነዋ! ተራ ጂንስ በማሽን ሲፈተን ከአንድ ሰከንድ በታች ነው የሚቆየው፤ መንሸራተቱ ደግሞ በ40 እንኳ ሁለት ሰከንድ ይጠጋል አልን። ሱሪው ከተወደደ ቢያንስ የሚታሰር የጉልበት መከላከያ አድርጉ። ኢኤን 1621 የሚል የአውሮፓ ምልክት ያለውን ፈልጉ። ፈተናው አምስት ኪሎ ብረት ከአንድ ሜትር ያህል መጣል ነው፤ ደረጃ 1 የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ እስከ 35 ኪሎ ኒውተን፣ ደረጃ 2 እስከ 20 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጉልበታችሁ የሚደርሰው ምት ያንሳል። ስትለኩት ቆማችሁ ሳይሆን ሞተሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ይሁን።

ጫማው ቁርጭምጭሚትን ይሸፍን። በእጃችሁ ሶሉን ከግራና ከቀኝ ጨምቁት፤ በቀላሉ ከታጠፈ ሞተሩ ሲወድቅበት እግራችሁንም ያጥፈዋል። ክሩን ወደ ውስጥ ሸጉጡት፤ ማርሹ ላይ ይጠመጠማል።

ጃኬት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 17092 ልብስን በሦስት ኤ (AAA)፣ በሁለት ኤ (AA) እና በአንድ ኤ (A) ይከፍላል። ዋናው ተጋላጭ ክፍል በሦስት ኤ በሰዓት እስከ 120፣ በሁለት ኤ እስከ 70፣ በአንድ ኤ እስከ 45 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ለሚጀምር መንሸራተት ይፈተናል። ከተማ ውስጥ በ40 ለሚነዳ ሰው አንድ ኤ አይናቅም። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ግን ሁለት ኤ ያስፈልገዋል፤ ብርዱም ወፍራሙን ያስለብሰዋል። ድሬዳዋ ላይ ያንኑ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ግን በሙቀቱ ይደክማል፣ ትኩረቱም ይላላል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቤት ጥሎት ይወጣል። አየር የሚያስገባ ወንፊታማ አንድ ኤ በየቀኑ ከተለበሰ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሦስት ኤ ይሻላል። ሞቶካፕ የሚባለው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ምዘና ለሙቀት ምቾት ለብቻው ነጥብ የሚሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ናይለን ቱታ ግን አደራ፤ መንሸራተቱ ሲያግለው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተርን እንቅስቃሴ ከገደበች ወዲህ፣ ከተማዋ ውስጥ ብዙው ሞተረኛ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ዕቃ የሚያደርስ፣ ቀኑን ሙሉ የሚወርድና የሚወጣ። ለእሱ የምለው ዝቅተኛውን ልክ አንድ ጊዜ፣ ቤቱ ተቀምጦ እንዲወስን ነው፦ ሙሉ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ የጉልበት መከላከያ። ከዚህ በታች ለየትኛውም ደንበኛ አይወጣም። ስልክ ለመንካት ጓንት ማውለቅ የሚያሰለች ከሆነ ጣቱ ስክሪን የሚያሠራ አጭር ጓንት አለ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያም ይጨምርበት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ከተማ የተደረገ ጥናት የሚያንጸባርቅ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት ላይ አደጋው በ37 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል።

ከኋላ ሰው የምትጭኑ ደግሞ ሁለተኛ ሄልሜት ያዙ፤ የተሳፋሪው ጭንቅላት ከእናንተ ዝቅ አይልም። ከሥር የሚደረግ ስስ ጨርቅ ካለ የሌላ ሰው ላብ የሚጸየፈውም እሺ ይላል። ነጠላ ወይም ሻርፕ ያደረገች እናት ስትሳፈር ደግሞ፣ ሳትነሱ በፊት ጫፉን ሰብስባ ከሥሯ እንድትቀመጥበት ንገሯት፤ ካቴናው ከያዘው ይጎትታታል።