አንድ ዘፈን ዲስኮ መሆኑን በጆሮ እንዴት እናውቃለን?

(ድምፅ፦ ኪክ ብቻ፣ በደቂቃ 120 ምት፣ ለአራት ሰከንድ)

ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ዘፋኝ የለም፣ ጊታር የለም፤ እግራችሁ ግን ሳያስፈቅድ ወለሉን መምታት ጀምሮ ይሆናል። ዲስኮ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረው የመስታወት ኳስና ከታች የሰፋው ሱሪ ነው። ሱሪውን ለልብስ ሰፊ እንተወው። እዚህ የምናወራው ስለሚሰማው ነው፤ አንድን ዘፈን ዲስኮ የሚያሰኙት ነገሮች ደግሞ የሚቆጠሩና የሚለኩ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከኪኩ እንጀምር። ኪክ በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ከበሮ ነው። በዲስኮ ይህ ከበሮ አራቱንም ምት ይመታል፤ አንዱንም አይዘልም። በሮክ ኪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛውና ሦስተኛው ምት ላይ ይወድቅና ስኔሩ (በዱላ የሚመታው፣ ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) በሁለተኛውና በአራተኛው ይመልስለታል። በፈንክ አንደኛው ምት እንደ ምስማር ይቸነከራል፤ ከዚያ በኋላ ኪኩ የት ብቅ እንደሚል መገመት ያስቸግራል፣ ጣዕሙም እሱ ነው። በሬጌ፣ ዋን ድሮፕ በሚባለው አመታት፣ አንደኛው ምት ባዶ ይቀርና ክብደቱ ሁሉ ሦስተኛው ላይ ያርፋል። የእኛ ችክችካ ከሁሉም ይርቃል፤ በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። የዲስኮ ምት የሚከፈለው ለሁለት፣ ሲቀጥልም ለአራት ነው። የችክችካ ዜማ እንዳለ አንስቶ ዲስኮ ላይ የሚጭን አቀናባሪ ስንኙ ከከበሮው ጋር የሚጋጭበት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ዜማውን አራት አራት አድርጎ መከፋፈል አለበት።

ይህን አመታት ማን አመጣው ሲባል ቀድሞ የሚጠራው የፊላዴልፊያው ድራመር ኧርል ያንግ ነው። በ1960ዎቹ ሞታውን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ባወጣቸው ዘፈኖች ውስጥ አራቱንም ምት ሲመታ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ስኔሩ ነበር። ያንግ ያን ሥራ ከእጅ ወደ እግር አወረደው። በ1973 በወጣው የሃሮልድ ሜልቪን ኤንድ ዘ ብሉ ኖትስ ዘፈን፣ «ዘ ላቭ አይ ሎስት»፣ ኪኩ አራቱንም ይዞ ሲነጉድ እጁ ነፃ ወጣ፤ ነፃ የወጣው እጅም ሃይ-ሃት በተባሉት ጥንድ ሳህኖች ላይ ሌላ ሥራ ያዘ። በእኛ አስተያየት ዲስኮን ከኪኩ ይበልጥ የሚያሳብቅበት ይህ የሃይ-ሃት ሥራ ነው።

(ምስል፦ 16 ካሬ የተሠመረበት ወረቀት)

እስክሪብቶ ያዙና በአንድ መስመር 16 ካሬ ሥሩ። ይህ አንድ ባር ነው፤ በ120 ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ኪኩን በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ካሬ አስቀምጡ። ስኔሩን በ5ኛውና በ13ኛው፤ ከፈለጋችሁ የጭብጨባ ድምፅ ደርቡበት። ቀጥሎ ሃይ-ሃቱ። ሃይ-ሃት ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት የነሐስ ሳህኖች ነው፤ በግራ እግር ሲረገጡ ይዘጋሉ፣ ሲለቀቁ ይከፈታሉ። 3ኛው፣ 7ኛው፣ 11ኛውና 15ኛው ካሬ ላይ ተከፍቶ ይመታል፤ ልክ ኪኩ ሲመጣ ይዘጋል።

(ድምፅ፦ ዱም–ፂስ፣ ዱም–ፂስ፣ ዱም–ፂስ፣ ዱም–ፂስ)

ኪኩ እግር ያሳርፋል፣ ሃይ-ሃቱ ያነሳል። «ፂስ» የሚለው ድምፅ የሚቆየው ሩብ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚያች ሩብ ሰከንድ ላይ ነው። ግራ እግሩ ከዘገየ ሳህኖቹ በኪኩ ላይ እያፏጩ ያልፋሉ፣ ምቱ ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል። ከቸኮለ ደግሞ ፂሱ «ጢክ» ብሎ ይቀርና የማንሳት ጉልበቱን ያጣል። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ክፍቱንና ዝጉን ሃይ-ሃት አንድ ላይ አስሩ፤ ዝጉ ሲመታ ክፍቱ እንዲቋረጥ። ይህን ካላደረጋችሁ ሁለቱ ድምፆች ይደራረባሉ፤ አንድ ሃይ-ሃት ደግሞ በአንድ ጊዜ ተከፍቶም ተዘግቶም አያውቅም። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል።

ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ110 እስከ 130 ምት ነው። ዝግ የሚሉም አሉ። የቢ ጂስ «ስቴይን አላይቭ» 104 ገደማ ነው፤ ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ስለሚያስፈልግ በመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ የሚያዘፍኑት ለዚህ ነው።

አሁን ቤዝ ጊታር። የታወቀው የዲስኮ ዘዴ ኦክታቭ ነው፦ ወፍራሙ ኖታ ከኪኩ ጋር፣ ያው ኖታ በቀጭኑ ከፂሱ ጋር። በወፍራሙ ክር 5ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመር የተለየው ክፍል) ላይ ኤ ኖታን በሌባ ጣት ያዙ፤ ሁለት ክር ተሻግራችሁ፣ ሁለት ፍሬት ወደፊት ሄዳችሁ፣ 7ኛው ላይ በቀለበት ጣት ወይም በትንሿ ጣት ያዙ። የመጀመሪያው 55 ኸርዝ ነው፣ ሁለተኛው 110። እዚህ የሚበላሸው ወፍራሙ ኖታ ሲረዝም ነው። ኪኩም ጉልበቱ ያለው እዚያው ታች ስለሆነ ሁለቱ ሲደራረቡ የሚሰማው እንደ ገንፎ የተላቆጠ ነገር ይሆናል። ወደ ማደባለቂያው ከመሮጣችሁ በፊት ኖታውን በግራ እጅ ቶሎ ልቀቁት፤ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። ኦክታቭ ግን ግዴታ አይደለም። ሺክ የተባለው ባንድ በ1979 ባወጣው «ጉድ ታይምስ» ቤዝ ተጫዋቹ በርናርድ ኤድዋርድስ ከኪኩ ጋር አንዱን ኖታ ሦስት ጊዜ መትቶ ቦታ ይለቃል፣ ከዚያ ነው መራመድ የሚጀምረው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ትልቅ የራፕ ዘፈን፣ «ራፐርስ ዲላይት»፣ የተሠራው በዚህ መስመር ላይ ነው።

በዚያው ባንድ ናይል ሮጀርስ ጊታሩን እንዴት እንደሚይዝ ብታዩ ቀኝ እጁ አያርፍም፤ 16ቱንም ካሬ ወደ ታች ወደ ላይ እያለ ይጠርጋል። ዜማውን የሚሠራው ግራው ነው። ሲጫን ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) ይሰማል፣ ላላ ሲያደርግ «ጭክ ጭክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ኮርዱ ትንሽ ነው፣ ከቀጫጭኖቹ ክሮች ሦስት ወይም አራቱ ይበቃሉ። ስድስቱንም ክር የሚያንጋጋ፣ ዲስቶርሽን (ድምፅ ማሻከሪያ) የከፈተ ጊታሪስት ለቤዙም ለቫዮሊኑም ቦታ አያስተርፍም።

ቫዮሊኖቹ፣ ትራምፔቱና ትሮምቦኑ የመጡት ከፊላዴልፊያ ነው። የጋምብልና ሃፍ አዘጋጅነት፣ ሲግማ ሳውንድ ስቱዲዮ፣ እዚያ የሚጫወተው ኤምኤፍኤስቢ የተባለው ትልቅ ቡድን። ደንቡ አጭር ነው፦ ዘፋኙ ሲዘፍን ቫዮሊኑ ይጠብቃል፣ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይመልሳል።

(ምስል፦ 7 ኢንችና 12 ኢንች ሸክላ ጎን ለጎን)

እስከዚህ የተባለው ሁሉ በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥም ይገባል። ዲስኮን ግን የቀረጸው ሬዲዮ አይደለም፣ የዳንስ ወለል ነው። በ1970 ዴቪድ ማንኩሶ ኒው ዮርክ ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ የጀመረው፣ በኋላ ዘ ሎፍት የተባለው ድግስ እስኪነጋ የሚጨፈርበት ነበር። የካሜሩኑ ማኑ ዲባንጎ «ሶል ማኮሳ» አሜሪካ ውስጥ የታወቀው እዚያ ከተሰማ በኋላ ነው፤ በ1973 በአሜሪካው የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ ውስጥ 35ኛ ደረጃ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ደቂቃ ምንም አይደለም፤ ጨፋሪው ሲሞቅ ዘፈኑ ያልቃል።

መላውን ያመጣው ዘፈን አደባላቂው ቶም ሞልተን ነው። በ1974 የዶን ዳውኒንግን «ድሪም ወርልድ» ሊያስረዝም ሲነሳ አንድ እንቅፋት ገጠመው፦ ዘፈኑ መካከል ላይ ቁልፉ፣ ማለትም ዜማው የቆመበት የድምፅ ከፍታ፣ ከፍ ይላል። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ቢቀጥለው ድምፁ በድንገት ወደ ታች ይወድቃል። ስለዚህ ዜማ ያለውን መሣሪያ ሁሉ አውጥቶ ከበሮውን ብቻ ተወ። ከበሮ ቁልፍ ስለሌለው ጆሮ የቀድሞውን ይረሳል፤ ከዚያ መሣሪያዎቹ በዝቅተኛው ቁልፍ አንድ በአንድ ሲመለሱ ማንም አይነቃም። ብሬክ ዳውን የሚባለውና ዛሬ በየክለቡ ሰው የሚጮህበት ክፍል የተወለደው ከዚህ ማምለጫ ነው።

ሸክላው ላይም እንዲሁ ነው የሆነው። ሞልተን የሙከራ ቅጂ ሊያስቆርጥ ሲሄድ ባለ 7 ኢንቹ ባዶ ሳህን አልቆ ነበርና ቆራጩ ሆዜ ሮድሪጌዝ በ10 ኢንች ሠራለት። በትልቅ ሳህን ላይ ጠባብ ቅርጽ አስቂኝ ስለመሰለው ሞልተን መስመሮቹን እንዲዘረጋቸው ጠየቀ። ወፍራም ድምፅ መርፌውን ወደ ጎን በሰፊው ስለሚያወዛውዝ ቦታ ይፈልጋል፤ መስመሮቹ ሲራራቁ ቤዙም ጎልቶ፣ ድምፁም ከፍ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወደ 12 ኢንች አደገ። በ1976 ሳልሶል የተባለው አሳታሚ ያወጣው የደብል ኤክስፖዠር «ቴን ፐርሰንት» ለሕዝብ የተሸጠ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዘፈን ተብሎ ይታወቃል፤ ዲጄ ዋልተር ጊበንስ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አድርጎታል።

ቅንብር ስትሠሩ ይህን አትርሱ፦ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ 16 ባር ከበሮ ብቻ ተዉ። በ120 ፍጥነት 32 ሰከንድ ይሆናል፤ ዲጄው ሁለት ዘፈን የሚያጋባው በዚያ ውስጥ ነው። በ1979 የወጣው፣ ዲጄዎች የሚወዱት የሸክላ ማጫወቻ፣ የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ሁለተኛው ሞዴል፣ ፍጥነት መለወጫው እስከ 8 በመቶ ብቻ ይሄዳል፤ 120 የነበረው ከ110 እስከ 130 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ ውጭ የሆነ ዘፈን ወለሉን ሳያቋርጥ አይገባም። ሰው የመታው ከበሮ ደግሞ ዘፈኑ ሲጋል ሳይታወቀው ይፈጥናል፤ በድሮ ሸክላ የሚሠራ ዲጄ እጁን ከሳህኑ የማያርቀው ወዶ አይደለም።

ማሽኑ ጎልቶ የገባው በ1977 ነው። በዚያ ዓመት የቢ ጂስ ድራመር ባልነበረበት ጊዜ፣ ፈረንሳይ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከ«ናይት ፊቨር» ቴፕ ሁለት ባር ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ተጣበቀና በማይክራፎን ማቆሚያ ላይ ዞሮ እንዲሽከረከር ተደረገ። ከላይ ያነሳነው «ስቴይን አላይቭ» የቆመው በዚያ ነው፤ ድራመር ተብሎ የታተመው «በርናርድ ሉፕ» የሚል ስምም ቀልድ ነው፤ «ሉፕ» በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚዞር ቀለበት ማለት ነውና። ሙኒክ ውስጥ ደግሞ ጆርጆ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ለዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»ን በሞግ ሲንተሳይዘር ሠሩ። ቤዙ እያንዳንዱን ኖታ በማስተጋቢያ ስለሚደግም እጥፍ የፈጠነ ይመስላል፤ በአንድ ጆሮ ዋናው፣ በሌላው ማሚቶው። ሲንተሳይዘሩ በቂ ጉልበት ያለው ኪክ ስላልሰጣቸው ግን እሱን የመታው ሰው ነው፣ ኪት ፎርሲ።

ጁላይ 12 ቀን 1979 ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ ዲስኮን በመቃወም የዲስኮ ሸክላ በፈንጂ ሲወድም ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮ ሁለተኛው የቤዝቦል ግጥሚያ ሳይካሄድ ቀረ። የዲስኮ ስም ከገበያ ጠፋ፤ አራቱ ምት ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ፍራንኪ ናክልስ በሚያጫውትበት ዌርሃውስ ክለብ ቀጥሎ ሃውስ የተባለው የዳንስ ሙዚቃ ሆነ።

በመጨረሻ ጆሯችሁን ፈትኑ። ማይክል ጃክሰንን የማያውቅ የለም። የ1979ኙን «ዶንት ስቶፕ ቲል ዩ ጌት ኢናፍ» ክፈቱ፣ ቀጥሎ የእሱኑ «ቢሊ ጂን»። ፍጥነታቸው ይቀራረባል፣ ሁለቱም ያስጨፍራሉ። በመጀመሪያው ኪኩ ሳያቋርጥ አራቱንም ይረግጣል። በ«ቢሊ ጂን» ዘፋኙን ተዉትና የመጀመሪያውን ባር ብቻ ቁጠሩ፦ አንድ ላይ ኪክ፣ ሁለት ላይ ስኔር፣ ሦስት ላይ ኪክ፣ አራት ላይ ስኔር፤ ሃይ-ሃቱም ዝግ ነው፣ ፂስ አይልም።

(ድምፅ፦ ሁለቱ አመታቶች በየተራ፣ 8 ባር 8 ባር)